የድንኳን አከራይ ልጅ ሰርግ

ሰርግን ከፊት የሚያየው እንግዳ ነው። እኔ ያደግሁት ከኋላ እያየሁ ነው። አባቴ አማኑኤል አካባቢ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን ያከራያል። አንድ ልጁ ነኝ፤ ትምህርቴን ስጨርስ ሌላ ሥራ ሳልፈልግ እዚያው ሱቅ ቀረሁ። ደንበኛ ተቀብዬ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ ቀጠሮ የምይዘው እኔ ነኝ። ከድንኳን ጀርባ ለሚቆም ሰው ሙሽራዋ አትታየውም። የሚታየው የተወጠረ ገመድ፣ የሚጨስ ማገዶ፣ «ዘይት አነሰ» ብላ የምትጮህ ወጥ ሠሪ፣ ገመድ ጠልፎት የወደቀ ሚዜ ነው። ለለቅሶም የምንተክለው ያንኑ ድንኳን ነው። ሰርግና ሞት አንድ ነው ሲባል ሌላው ሰው ተረት ይመስለዋል፤ ለእኛ የሥራ ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ የራሴ ሰርግ ሲደርስ ድንኳን አልፈልግም ብል የሚገረም ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ሁሉም ተገረመ። አባቴ ግን አልተገረመም፤ አዘነ።

የማገባው ሰው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የተዋወቅነው በጭቅጭቅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የአባቴ የጭነት መኪና የሰው ድንኳን እንደጫነ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለና መንገድ ላይ ቀረ። እኔ እየሮጥኩ መጀመሪያ ያገኘሁት ሱቅ ገባሁ። የነገረኝን ዋጋ ስሰማ «መኪናውን ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?» አልኩት። «መኪናውንማ አንቺም የምትፈልጊው አይመስለኝም» አለኝ። ተጨቃጨቅን፤ ቀነሰልኝ። ከዚያ ደግሞ በትክክል መገጠሙን ላረጋግጥ ብሎ ሱቁን ለጎረቤት ትቶ ተከተለኝ። ማረጋገጡ እስከ ዛሬ አላለቀም።

እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። መርካቶ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። ግድግዳ ተጋርተን፣ ስንታመም ተጠያይቀን፣ ስንሞት ተቀባብረን እንኖራለን። ወሬ የሚሆነው እንጋባ ሲባል ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ማን ወደ ማን ይገባል?» ጫማ አሳማሪው ሳይቀር ጠይቆኛል። እኛም ተነጋግረን ተነጋግረን ማንም ወደ ማንም አይገባም አልን። ፊርማውን ወረዳ ሄደን እንፈርማለን፤ ሰርጉን ደግሞ ከከተማ ወጥተን፣ ሜዳ ላይ፣ ቄስም ሼህም ሳናስቸግር፣ በወላጆቻችንና በወዳጆቻችን ፊት ቃል ተገባብተን እናደርገዋለን። እምነታችንን ጥለን አይደለም። እሱ ሶላቱን አይተውም፣ እኔም ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በዚያች ቀን ግን አንደኛው ቤት ባለቤት፣ ሌላኛው ቤት እንግዳ እንዲሆን አልፈለግንም።

ቬሎው፣ ኬኩ፣ ሊሞዚኑ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። የሳሳሁለት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ ከፊት ቆሞ እንዲመርቀን። ሳይመረቅ ከቤት የወጣ ልጅ ይጎድለዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ ግን አምናለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ስተው ይህን መተው አልቻልኩም።

ለአባቴ የነገርኩት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የተቀደደ ሸራ በወስፌ ሲሰፋ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ወስፌውን ሸራው ላይ ሰካና ቀና አለ።

«ማን ፊት ነው ቃል የምትገቡት?»

«እናንተ ፊት።»

«እኛ ማን ነን?»

መልስ ከማግኘቴ በፊት እናቴ ከበሩ ላይ ተቀበለችው። «ቆይ እስቲ፣ አንተና እኔ በምን ተጋባን? በሰማንያ አይደል እንዴ? ምስክርና ዋስ ቆሞ፣ ተፈራርመን አይደል? ቄሱ የት ነበሩ? እሳቸው የመጡት ለጠጁ ነው።»

አባቴ ለእናቴ መልስ መስጠት የተወው እኔ ሳልወለድ ነው። ወስፌውን ነቅሎ መስፋቱን ቀጠለ። ለጊዜው በዚህ አለፈ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ እሱ ራሱ ጠራኝ። ፊቱ በርቷል። የመጋዘኑ ወለል ላይ ሁለት የታጠፉ ጆንያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁልቁል እያየ ነበር።

«ሁለት ድንኳን» አለኝ። «ይኸ ለእነሱ፣ ይኸ ለእኛ። ሜዳም ይሁን ግድ የለኝም። አራጁም ሁለት፣ ወጥ ቤቱም ሁለት። ጭሱ ሰው ላይ እንዳይሄድ ወጥ ቤቶቹን ከታች አደርጋቸዋለሁ። በመሃል መተላለፊያ አለ፤ ሰው እየተነሳ ይጠያየቃል።»

አባቴ የሚታወቀው በዚህ ነው። የሁለቱም እምነት እንግዳ ያለበት ድግስ ያሰበ የመርካቶ ሰው እሱ ጋ ይመጣል። የአንዱ ቢላ የሌላውን ሥጋ ነክቶበት አያውቅም። የሙስሊሞቹን ዕቃ እጀታ አረንጓዴ ቀብቶ በተለየ ክፍል ይቆልፍበታል፤ ቁልፉን ለእኔም አይሰጠኝም። ሌላ ሰው መለያየት ሊለው ይችላል። ለእሱ ግን ክብር ነው፤ ሰው ያመነበትን ነገር አለማቆሸሽ ነው። ያንን ሁሉ ጥንቃቄውን ለእኔ ሰርግ ሊያውለው ተዘጋጅቶ ፊቴ ቆሟል። ደስ አለኝም፣ ሆዴም ባባ። አፌ ግን አላረፈም።

«አባዬ፣ እኛን የትኛው ውስጥ ልታስቀምጠን ነው?»

አንደኛውን ጆንያ አየ። ሌላኛውን አየ። ጣቱን አንስቶ ወደ አንዱ ሊጠቁም ሲል ተወው።

«መሃል» አለ ቀስ ብሎ።

መሃል ላይ ጣራ የለም። ይህን እኔ አልተናገርኩም፤ እሱ ራሱ አየው። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ ቦታቸው መለሳቸው።

«እሺ፣ ድንኳን ይቅር። ወንበርና ምንጣፍ አመጣለሁ፣ እኔም እመጣለሁ። ምርቃት ግን አትጠይቂኝ።»

«ለምን?»

«በስመ አብ ብዬ ብጀምር የእሱ እናት ምን ይሰማቸዋል? ሳልል ብጀምር እኔ ምን ይሰማኛል? የምመርቅበት ቃል የለኝም፣ ልጄ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ የእኔም ሙያ ስለሆነ እችልበታለሁ። እንዲህ ሲለሰልስ ግን የምይዘው ነገር አጣለሁ። እጮኛዬን እስከዚያ ቀን ድረስ «የሶማሌ ተራው» እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የት እንደሚያስቀምጠው ስላላወቀ ነው። እኔም አልለመንኩትም። በልቤ ግን ሰርጉ ግማሽ ሆነብኝ።

ከዚያ ወደ ምግቡ ዞርን። ሃይማኖት ያልገባበት ሰርግ ማቀድ ስንጀምር፣ በየደረስንበት በር ላይ ቀድሞን የሚጠብቀን ሃይማኖት ነበር። ሥጋ ካለ ሁለት አራጅ አለ፤ ሁለት አራጅ ካለ ሁለት ማዕድ አለ። ስለዚህ ሥጋውን አስወጣነው። ይህንን ለእጮኛዬ እናት ሄጄ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። እሱ «አንቺ ነሽ ደፋሯ» አለኝ፤ ፈሪ ባል ሲያመልጥ የሚናገረው እንዲህ ነው።

እሳቸው ጎጃም በረንዳ አጠገብ ቅቤና ቆጮ ይሸጣሉ። ስገባ ቅቤ በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ነበር። ነገርኳቸው።

«ክትፎ የሌለበት የጉራጌ ሰርግ?» አሉኝ። «ልጄ ታሞ ነው የሚያገባው?»

«አልታመመም። ሁላችንም ከአንድ ማዕድ እንድንበላ ብለን ነው።»

ቅቤውን ጠቅልለው አስረው ወደ ጎን አኖሩት። ሌላ አነሱ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«አባትሽ አይብ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ጎመንስ?»

«ይበላል።»

«እንግዲያው ቆጮውን፣ አይቡን፣ ቅቤውን እኔ አመጣለሁ። ሌላ ሰው እጁን እንዳያስገባበት።» የያዙትን ቅቤ አስረው ደግሞ፣ «የኒካው ነገር የሚቀር ነው?» አሉኝ።

«የሚቀር ነው፣ እማማ።»

«እሺ። እሱን እኔና አላህ እንነጋገርበታለን» አሉና ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። ደንበኛ ሲያስቸግራቸው የሚሰጡትን መልስ ሰምቼ ደግሞ ይበልጥ ወደድኳቸው።

የጥሪ ካርዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። መርካቶ ውስጥ ካርድ የሚያትመው ልጅ ናሙናዎቹን ሲዘረጋልን ግማሾቹ መስቀልና ጥቅስ፣ ግማሾቹ ጨረቃና ቢስሚላህ ያለባቸው ናቸው። ምንም የሌለበት ስጠን አልነው። «ምንም የሌለበት ቀሽም ይሆናል፤ የውሃ ቢል ነው የሚመስለው» አለን። በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ካርድ አወጣ፤ አበባውና ወርቃማው መስመር ያምራል። ኮፍያውን እንዲያጠፋልን ተስማማን። አጠፋው፤ ከኮፍያው የሚንጠለጠለውን ክር ግን ረሳው። ካርዱ የደረሰው ሰው ሁሉ ያ ክር ምን እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። «ዲዛይን ነው» እላለሁ።

ቦታውን ያገኘልን ከእጮኛዬ መለዋወጫ የሚገዛ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቤተሰቦቹ ከሱሉልታ ወዲያ የግጦሽ ሜዳ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን አየነው። ሜዳው በአንድ በኩል ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ በሌላ በኩል የባሕር ዛፍ አጥር አለው፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ደግሞ አደይ ሞልቶት ነበር። እዚያ ቆመን ማን የት እንደሚቀመጥ ስናወራ ላሞች መጥተው ያዩናል። ዝም ብሎ የሚያይ እንግዳ እንደ ላም የለም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሰው ከሰው፣ ጋሪ ከጋሪ በሚጋፋበት ሰፈር ስለሆነ፣ እጄን ዘርግቼ የምነካው ነገር ሳጣ መጀመሪያ ላይ ፈራሁ። ቀስ በቀስ ግን የመጣሁት ለዚሁ እንደሆነ ገባኝ። ድንኳን ውስጥ ሲጋቡ የኖሩ ሰዎችን ሁሉ አሰብኩ፤ ሰማዩን ከእነሱ የከለልነው እኛ ነን።

ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤታችን ደጃፍ ላይ የሆነውን ሳስታውስ እስከ አሁን ብቻዬን እስቃለሁ። በእኛ ሰፈር ሰርግ ያለበት ቤት አስቀድሞ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሽንኩርት የሚልጡ ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ በሬው ይታሰራል። እኛ ጋ ምንም የለም። ያውም የድንኳን አከራይ ቤት። እንደ ተረቱ «ካልታዘልኩ አላምንም» ያለችው ሙሽራዋ ነበረች፤ እኛ ዘንድ ግን አላምን ያለው ሰፈሩ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዳቦና ቆሎ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እናቴን አቅፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አለች አንደኛዋ። «ልጅ ከተወለደ በኋላ ከሚሆን አሁን መሆኑ ይሻላል።»

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«መፍረሱ ነዋ።»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ እነሱ ሲገቡ ነገሩ ገብቶኝ ስለነበር ከንፈሬን ነክሼ ቆሜአለሁ።

«ኧረ አልፈረሰም!» አለች እናቴ። «ሜዳ ላይ ነው። ድንኳን የለውም።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሿ፣ እኔ እንዳልሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱ ደግሞ ከመፍረስ በምን ይሻላል? ሼም ነው እኮ» አለች። እናቴ ሰማቻት፤ ሻይ ስትቀዳ የሷን ብርጭቆ የመጨረሻ አደረገችው። ግን እነዚያው ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለለቅሶ ያመጡትን ዳቦ ለደስታ ቆርሰው በሉ፤ ሲወጡም ጎመኑን የሚከትፈው ማን እንደሆነ ተከፋፍለው ነው የወጡት።

የሰርጉ ዕለት ቀድሞን የደረሰው አባቴ ነበር። መኪናው ወንበርና ምንጣፍ ብቻ ጭኖ ስለመጣ ባዶ መስሎ ይታያል። ሠራተኞቹ ምሰሶ የማይሸከሙበት ሰርግ አይተው ስለማያውቁ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ቆመዋል። አባቴ ሜዳውን እየዞረ መሬቱን በተረከዙ ይመታል። ችካል ይይዝ እንደሆነ እያየ ነው፤ ልማድ ነው። ዳመና ብቅ ባለ ቁጥር እንግዳው ሁሉ እሱን ያየዋል፣ እሱ ደግሞ ትከሻውን ሰብቆ ፊቱን ያዞራል። እንግዳው ተቀምጦ ሲያልቅ ከፊት ያስቀመጥንለትን ወንበር ትቶ ኋላ፣ መኪናው አጠገብ ሄዶ ቆመ። ሰርግ ላይ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው። ሊያስቀይመኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አስቀየመኝ።

ሰው በክብ ተቀምጧል። እጮኛዬ ለብዙ ቀን ያጠናውን ንግግር ሰው ፊት ሲቆም ረሳው። ከዚያ እኔን ብቻ እያየ፣ «ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲሸጥ ዋስትና አይሰጥም። ከበሩ ከወጣ የራስህ ነው። እኔም ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ላንቺ ግን እሰጣለሁ» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቹ አፏጩ። እኔ ደግሞ፣ «ቁጡ ነኝ፤ ታውቃለህ። ስቆጣ ግን ጥዬህ አልሄድም፤ እዚያው ፊትህ ቆሜ እቆጣለሁ» አልኩት። ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ነገር አልነበረኝም። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ቀለበት አደረግን። በዕቅዳችን መሠረት አሁን ሰው ተነስቶ ወደ ምግቡ ይሄዳል።

ማንም አልተነሳም።

ያን ጊዜ ነው ስንት ወር ስናቅድ የሳትነው ነገር የገባኝ። የእኛ ሰው ሳይመረቅ አይነሳም። ቄስና ሼህ አለመጥራት ይቻላል፤ ምግቡንም ካርዱንም እንደፈለጉ ማድረግ ይቻላል። ሰውን ግን አሜን ሳይል ከተቀመጠበት ማስነሳት አይቻልም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በጸጥታ ይጠብቃል። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ። እጮኛዬ «ምን እናድርግ?» ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። አባቴን ለማየት ደግሞ አልደፈርኩም፤ አትጠይቂኝ ብሎኛላ።

ከኋላ ሣር ሲረገጥ ሰማሁ። ሰው መንገድ እየለቀቀ፣ እየተጠጋጋ ነበር። አባቴ ቀስ እያለ በመሃል መጥቶ ፊታችን ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። እጆቹን ዘረጋ። ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠ።

«ልጆቼ» አለ።

ከዚያ ቆመ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። በማን ስም እንደሚቀጥል እየፈለገ እንደሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላ ቃል መፈለጉን አቁሜ ነበር። አባቴ አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ወንድምም እህትም የለኝም። ልጆቼ ብሎ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። አጠገቤ የቆመው ባሌ አንገቱን እንደደፋ ትከሻው ሲርገበገብ አየሁ፤ ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ።

ምንጣፉ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የተቀመጡት አማቴ ናቸው የጀመሩት። «አሚን» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሁሉን ሰምቶ እንደጨረሰ ሰው። እናቴ «አሜን» አለች። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ተቀበለ።

አባቴ ግራ ተጋብቶ ወደ እሳቸው ዞረ። «ገና አልጀመርኩም እኮ፣ እትዬ።»

«ጨርሰዋል፣ ጋሼ። አሁን ይቀመጡ፣ ቆጮው እየደረቀ ነው» አሉት።

ሰው ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ። ወንበሩ ራቅ ስላለበት እሳቸው ከጎናቸው ለቀቁለት፤ እግሩን አጥፎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አይብ በጎመኑን ከአንድ ትሪ በሉ። እኔ ዓይኔን ከእነሱ ማንሳት አቅቶኝ ስንቱ እንግዳ ሰላም ሳልለው ሄደ።

ዛሬም ሱቅ ለድንኳን የሚመጡ ሽማግሌዎች ያንን ሰርግ እያነሱ ያጫውቱኛል። «ለመሆኑ አባትሽ ምን ብለው መረቁሽ?» ይሉኛል።

«ልጆቼ ብሎ» እላለሁ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያማ አሜን ነው የተባለው።